የተቆረጠው ንግግር

ሀሌታና ያብስራ የተዋወቁት በአንድ ማይክሮፎን ምክንያት ነው።

እሷ ላስ ቬጋስ ተወልዳ እዚያው ሴንቴኒያል ሂልስ ሰፈር ያደገች፣ ሎን ማውንቴን ተራራ አጠገብ ባለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት። እሱ በዲቪ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚያው ዩኒቨርሲቲ በኮንትራት ቪዲዮ ይቀርጻል። ዩኒቨርሲቲው የምድሩ ነባር ባለቤቶች ከሆኑት ከፓዩት ሕዝብ ጋር «የዕርቅ ቀን» ሲያዘጋጅ፣ የክብር እንግዳዋን አዛውንት ሚስስ ሎሬታን እንድታስተናግድ ሀሌታ ተመደበች። ያብስራ ማይክሮፎኑን የአዛውንቷ ሻርፕ ላይ ሲሰካ ሳያስበው በአማርኛ «ይቅርታ እናቴ» አለ።

ሀሌታ ሳቀች። «እሳቸው አማርኛ አይሰሙም።»

«አንቺ ግን ሰማሽ» አላት።

ሚስስ ሎሬታ መድረክ ላይ ወጥተው ፈገግ አሉና ለግብዣው አመሰገኑ። ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ። «ምድሩ የማን እንደነበረ በመክፈቻችሁ አንብባችሁልኛል። የአያቶቼ አጽም ግን ለምርምር ተብሎ ከመቃብር ወጥቶ እዚህ ምድር ቤታችሁ ውስጥ በካርቶን ታሽጎ ተቀምጧል። ስጡኝና ልቅበራቸው» አሉ። ሀሌታ አለቀሰች፤ ያብስራም ከካሜራው ጀርባ ዓይኑን ሲጠርግ አየችው።

ከዚያ በኋላ አብረው ምሳ መብላት ለመዱ። እሑድ እሑድ ቦልደር ሲቲ ድረስ ይነዱና ወሬ እስኪያልቅባቸው ያወራሉ፤ ሲያልቅባቸው ዝም ብለው ይተያያሉ። አማርኛዋ ሲሰባበር ፈገግ ይላል እንጂ አያርማትም። ሀሌታ እንደዚያ መታየትን ወደደችው።

የዕርቅ ቀኑ ቪዲዮ የታየው ለጋሾች በተጋበዙበት ምሳ ላይ ነበር። ከበሮ ተመታ፣ በረሃው ላይ ፀሐይ ጠለቀች፣ ሚስስ ሎሬታ ፈገግ ብለው «ለግብዣው አመሰግናለሁ» አሉ። አለቀ። ስለ አጽሙ አንድ ቃል የለም። እንግዶቹ አፋቸውን በናፕኪን እየጠራረጉ አጨበጨቡ። ሀሌታ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጣ የበላችውን ሁሉ አስመለሰች።

ስትወጣ ያብስራ ውኃ ይዞ ቆሟል። «ምን ሆንሽ? ምግቡ ነው?»

«ኤዲት ያደረግከው አንተ ነህ?»

ዓይኑን ሰበረ። «አለቃዬ ቁረጠው አለኝ። ኮንትራቴ ሊታደስ ነው...»

«እናቴ ብለሃቸው ነበር» አለችው። «የአያቶቻቸውን አጽም እየጠየቁ፣ አንተ ፈገግታቸውን ብቻ አስቀረህ።»

እጇን ሊይዝ ሲል ሰውነቷ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ አለ። ንዴት ቢሆን ይበርድላት ነበር፤ ይህ ግን ጥላቻም አይደለም፣ መጸየፍ ነው። ድምፁን በስልክ ስትሰማ እንኳ አፏ ይመርራል። እናቷ «ሰው የታዘዘውን ቢሠራ ምን አጠፋ?» ሲሏት ይህም አነጋገር አቅለሸለሻት። ደግሞ ይናፍቃታል፤ በመናፈቋም ራሷን ትጸየፋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ያብስራ ሀሌታ የተቀላቀለቻቸው፣ አጽሙ እንዲመለስ የሚታገሉ ተማሪዎች ስብሰባ ላይ መጣ። የንግግሩን ያልተቆረጠ ቅጂ ይዟል።

«ሚስስ ሎሬታ ቤት ሄጄ ነበር» አለ፣ ሀሌታን ለማየት እየፈራ። «ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ‹ይቅርታውን ተወው፤ ንግግሬን መልስ› አሉኝ።»

ንግግሩን በፕሮጀክተር የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ አሳዩት። ተማሪው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ሰማ፤ በማግስቱ ያው ተማሪ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቢሮ ደጃፍ ተቀመጠ። መምህራን ክፍላቸውን ትተው እዚያው መሬት ላይ አስተማሩ። ያብስራ ኮንትራቱ ሳይታደስለት ቀረ፤ እሱም ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጠ። ዩኒቨርሲቲው ወራት አንገራግሮ በመጨረሻ አጽሙን ለመመለስ ተስማማ።

በርክክቡ ጠዋት ፕሬዚዳንቱ «ታሪካዊ ቀን» እያለ ንግግር ጀመረ፣ አጽሙን በፈቃዱ የሰጠ ይመስል። ሚስስ ሎሬታ ግን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፤ ከቤተሰባቸው ጋር አያቶቻቸውን ተሸክመው በግራና በቀኝ በቆመው ተማሪ መካከል አለፉ። ማንም ለመቅረጽ ስልኩን አላወጣም። መኪናቸው ከዓይን እስኪሰወር ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ያብስራ አሁን አንድ ሆቴል የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ በድምፅ ባለሙያነት ይሠራል። «የሥራ ሺፍቴ ሊጀምር ነው» አላት ሀሌታን።

«ላድርስህ» አለችው።

የሆቴሉ ሠራተኞች መግቢያ ጋ ስትቆም፣ ፊት ለፊት እያየ «አሁንም ትጸየፊኛለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ልትዋሸው አልፈለገችም። «አንዳንዴ። ሳይህ ያ ቪዲዮ ዓይኔ ላይ ፍላሽ ያደርግብኛል።»

ራሱን ነቀነቀና በሩን ከፈተ።

«ያብስራ» አለችው። «ያ ስሜት ሲመጣብኝ እነግርሃለሁ። እኔ አልሸሽም። አንተም ስነግርህ አትሽሽ።»

ብዙ ተያዩ። ከዚያ ሀሌታ ሞተሩን አጠፋች፤ ያብስራም ሺፍቱ እየረፈደበት መሆኑን እያወቀ በሩን መልሶ ዘጋው።