ሦስቱ የታጠፉ ሸሚዞች

ታክሲ ነጂው የመኪናውን ዕቃ መጫኛ ከፍቶ ቆሟል። ሴትዮዋ በሩ ላይ ስትደርስ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «ፈጠን ይበሉ እንጂ፤ አውሮፕላን ሰው አይጠብቅም። ሻንጣው የታለ?» አላት።

«ላይ ነው።»

«ላውርድልዎ?»

«አይነካም። ተጓዧ እኔ አይደለሁም።» መታወቂያዋን አሳየችው። «ተጓዧ ቀርታለች።»

ነጂው በረራው የተሰረዘ መስሎት፣ «ለነገ ተዛወረ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። መርማሪዋ ደረጃውን ወጣች።

ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም። ስትገባ ኮቴዋ አይሰማም፤ ስትወጣ ግን ክሩን አስከትላ ነው።

ሟቿ የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ናት። ከትምህርት ክፍሏ አንደኛ ወጥታ ለአንድ ሴሚስተር ውጭ አገር ሄዳ እንድትማር ተመርጣ ነበር። አሁን በሻንጣዋና በክፍሏ በር መካከል በጎኗ ወድቃለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። የእጅ ቦርሳዋ ተገልብጦ ፓስፖርቱ፣ የደርሶ መልስ ትኬቱና ማበጠሪያዋ ወለሉ ላይ ተበትነዋል፤ መሳቢያዎቹም ተጎልጉለዋል። አልጋው ላይ አቧራው ያልተራገፈ አሮጌ የሱፍ ካፖርት ተዘርግቷል።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ፣ «አስም ነው» አለ። «ከልጅነቷ ጀምሮ የነበረባት። አቧራው ቀሰቀሰባት፣ ኢንሄለሯን ፈልጋ አጣች። ሌላ ነገር የለውም።»

«መዳፏንስ አይተኸዋል?»

ሐኪሙ ጎንበስ አለ። የሁለቱም መዳፎቿ ታችኛው ክፍል አብጦ በልዟል። መርፌ ወደ በሩ ዞረች። ቁልፉ በኮሪደሩ በኩል ተሰክቶ የሚውል ነው። በውስጥ በኩል፣ በደረት ከፍታ፣ ላብ የነካው ቀለም ደብዝዟል። የደበደበችው የተቆለፈ በር ነው ማለት ነው፤ ሬሳው ሲገኝ ግን በሩ አልተቆለፈም ነበር።

ሻንጣውን ከፈተች። ክዳኑ ላይ በሟቿ እጅ የተጻፈ የጉዞ ዝርዝር ተለጥፏል። «ኢንሄለር ሁለት፣ የእጅ ቦርሳ» የሚለው መስመር ምልክት ተደርጎበታል። ልብሶቹ እንደ ፎጣ ተጠቅልለው አንድ ባንድ ተደርድረዋል። ከላይ ያሉት ሦስት ሸሚዞች ብቻ ታጥፈዋል። ከእነሱ ሥር አንድ ካልሲ፣ ካልሲው ውስጥ ሁለቱም ኢንሄለሮች አሉ። ልጅቷ ከወደቀችበት ሁለት እርምጃ አይሞላም። ከካልሲው አጠገብ ቡናማ ፖስታ ነበር። መርፌ ውስጡን አየችና ኪሷ ከተተችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቿን ጓደኛ ነው። ይህች ልጅ በምርጫው ሁለተኛ የወጣች ተጠባባቂ ናት፤ አንደኛዋ ከቀረች እሷ ትሄዳለች። ይህንንም ሳትጠየቅ ራሷ ተናገረች፣ ሌላ ሰው ከሚናገርባት ብላ ይሆናል። ጠዋት መጥታ ልብሱን አብራት እንደጠቀለለችና ስድስት ተኩል ላይ እንደሄደች አስረዳች።

«ስትሄጂ ያልተጠቀለለ ልብስ ነበር?»

«አንድም። ቦታ አይበቃትም ነበር። እንዲያውም ጥቅልል ጎመን መሰለ ብለን ስቀናል።»

የሟቿ አክስት ደግሞ ካፖርቱ የእሳቸው መሆኑን አመኑ። ብርድ እንዳይጎዳት ብለው ከቤታቸው ቆጥ አውርደው የላኩላት ነው። ሊሰናበቷት ዘጠኝ ሰዓት ሲመጡ ሬሳዋን አገኙ። «ብቻዋን አትሂድ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩ መሰለሽ» አሉ። «ለካ እዚሁ ኖሯል የሚገላት።»

የሟቿ ታላቅ እህት ላውንደሪ ውስጥ ሸሚዝ ተኳሽ ናት። እናታቸው ከአልጋ ከወደቁ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። እህትየዋ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድሏን የተወችው ያኔ ነው። ቀን በምሳ ሰዓት መጥታ ታበላቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች። ዛሬም አብልታቸው ከሰባት ሰዓት ዜና በፊት እንደወጣች ተናገረች። የታናሿን ክፍል አልረገጠችም። በዚህ ጉዞ ተኳርፈው ከተነጋገሩ ሳምንት አልፏቸዋል። «ሻንጣውንም አልነካሁት» አለች። ድምፅዋ እንደ ጣቶቿ ደረቅ ነው።

እናትየዋ አልጋቸው ላይ ሆነው ወደ ክፍሉ የሚገባውን ሰው ሁሉ ስለ ልጃቸው ሞት ደጋግመው ይጠይቃሉ። ክፍላቸው ከሟቿ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። መርፌ ምን እንደሰሙ ጠየቀቻቸው።

«ዜናው ሲጀምር ዷ ዷ ይል ነበር» አሉ። «በጉልበቷ ሻንጣውን የምትዘጋ መሰለኝ። ቀስ በይ፣ ዚፑ ይበጠሳል አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተወች። እሺ አለችኝ ብዬ ደስ አለኝ።»

መርፌ ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ቆማ አንድ ስልክ ደወለች። ከዚያ ሦስቱንም ወደ እናትየዋ ክፍል ጠራች፤ እናትየዋ ወደየትም መሄድ አይችሉምና። ሌሎች የሟቿን ሸሚዞች ይዛ ገባችና አንዳንድ አደለቻቸው።

«እየተነጋገርን እጠፉልኝ» አለች። «ልብሷ እንዲህ ተዝረክርኮ አይቅር።»

ማንም እምቢ አላለም። መርፌ የበሩን ነገር፣ የመዳፎቹን ነገር ነገረቻቸው። አንድ ሰው ከስድስት ተኩል በኋላ፣ ልጅቷ ከክፍሏ ወጣ ስትል ሻንጣውን ከፍቶ ኢንሄለሮቹን ከእጅ ቦርሳ ወደዚያ እንደደበቀ፣ በሩን ከውጭ እንደቆለፈ፣ ልጅቷ ስትወድቅ እንደከፈተ አስረዳች። ከዚያ እጆቻቸውን ተመለከተች።

አክስትየዋ ሸሚዙን እጅጌው ተንጠልጥሎ እንደ ፎጣ ለሁለት አጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ጓደኛዋ ሳታስበው ጠቅልላዋለች። እህትየዋ ዓይኗን ከመርማሪዋ ሳትነቅል የሸሚዙን ኮሌታ አቆመች፤ የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛውንና የመጨረሻውን አዝራር ቆለፈች፤ በደረቱ ደፍታ እጅጌዎቹን ጀርባው ላይ አጠላለፈች፤ በሦስት አጠፈችው።

መርፌ ከሻንጣው ያወጣቻቸውን ሦስት ሸሚዞች አጠገቡ አኖረች። አራቱ ከአንድ መደርደሪያ የወረዱ ይመስላሉ። አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ መጨረሻ።

«የሸሚዞቹ ጥቅል ሲፈታብሽ መልሰሽ መጠቅለል ነበረብሽ» አለቻት። «እጅሽ ግን የለመደውን ሠራ። ከዜና በፊት ወጣሁ አልሽ፤ አለቃሽ ሰባት ተኩል ላይ ገባች ብሎኛል። መንገዱ አምስት ደቂቃ ነው።»

እህትየዋ ሸሚዙን በመዳፏ አስተካከለችው። «አምስት ወር ነው ብላ ዋሸችኝ» አለች። «ትናንት ሻንጣው ውስጥ ፖስታውን አገኘሁት። የትምህርት ማስረጃዋን ከነማህተሙ ይዛ ነው የምትሄደው። ይህን ይዞ ሄዶ የተመለሰ ሰው አይቻለሁ? እሷ እዚያ ትቀራለች፣ እኔ እዚህ ሰው እያገላበጥኩ አረጃለሁ።»

«እና ቆለፍሽባት።»

«ልከፍትላት ነበር። ዜናው ሲያልቅ ልከፍትላት ነበር። ትንሽ ትፍራ ብዬ ነው።»

መርፌ ቡናማውን ፖስታ ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት። «ማህተሙን አይተሻል። ስሙንስ አንብበሽዋል?»

እህትየዋ አነበበች። ማስረጃው የራሷ ነበር፤ ከሰባት ዓመት በፊት ሁለቱም ከተማሩበት ትምህርት ቤት የወሰደችው። ከሥሩ በታናሿ ጽሑፍ በእሷ ስም ለዚያው ለውጭ አገሩ ዩኒቨርሲቲ የተሞላ የመግቢያ ማመልከቻ አለ። ትምህርቱ የሚጀምረው ታናሿ በተመለሰች በወሩ ነው። ዳሩ ላይ በእርሳስ፣ «የእትዬን ቢሮው ድረስ ሄጄ በእጄ ልስጥ። እማዬን ያኔ እኔ እይዛለሁ» ተብሎ ተጽፏል።

እህትየዋ ወረቀቱን በሦስት አጠፈችው፣ ፈታችው፣ መልሳ አጠፈችው።

እናትየዋ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ፣ «እትዬ፣ እትዬ ስትል ሰምቻታለሁ» አሉ። «ኮሪደሩ ላይ ኮቴሽን ሰምቼ ደረስሽላት ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

መርፌ እህትየዋን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ታክሲ ነጂው አሁንም እየጠበቀ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ያለ ሻንጣ ሲወርዱ አይቶ የዕቃ መጫኛውን ዘጋ።

እናትየዋን አክስትየዋ ቤታቸው ወሰዷቸው። ጓደኛዋ በሳምንቱ በተጠባባቂነቷ ሄደች፤ ልብሷን ግን አጥፋ ነው የከተተችው።