ድንቡሽን ማን አበላት?

ሰዓት ሠሪው ኮፍያውን በግራ እጁ ይዞ፣ ቀኝ እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ ጊዜ ካለሽ ሥራ አምጥቼልሻለሁ» አለ።

ጎረቤቱ በፖሊስ ምርመራ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። የሕንፃው ሰው ከጀርባዋ «ወንፊት» ይላታል፤ እሷም ታውቃለች፣ አትከፋም።

«ምን ጠፋ?»

«የጠፋ የለም። የልጅ ልጄ ጥንቸል ሞተች።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የሰው ሬሳ ነበር የምመረምረው።»

«አውቃለሁ። ነገሩ ግን ወደ ሰው ዞሯል። ልጄ ሚስቱን ‹የገደልሻት አንቺ ነሽ› አላት፤ ልጅቷ እየሰማች። ምራቴ ወደ እናቷ ቤት ልትሄድ ሻንጣ እያሰናዳች ነው። ልጅቷም ከትናንት ወዲህ እናቷን አታናግርም።»

ወንፊት ሹራቧን ደርባ አንድ ፎቅ ወረደች።

ጥንቸሏ በረንዳው ላይ፣ ካርቶን ውስጥ፣ በፎጣ ተጠቅልላ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«ስሟ ማነው?»

«ድንቡሽ። ጥርሷን ታክማ ነበር። ሊሻላት ነበር።»

የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። የድንቡሽ መንጋጋ ሾሎ ምላሷን ይቆርጣት ስለ ነበር የእንስሳት ሐኪሙ አደንዝዞ ሞረደላት። ቁስሉ እስኪድን ድረስ የሣር ድርቆሽ ዱቄት ለብ ባለ ውሃ ተበጥብጦ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ፣ በከንፈሯ ጥግ በኩል ቀስ እያለ በየሦስት ሰዓቱ እንዲሰጣት ታዘዘ። ቀትር ላይ ደግሞ የሕመም ማስታገሻ ጠብታ። የጥንቸል ሆድ ባዶ ከዋለ አንጀቷ ሥራ ያቆማል፤ አንዴ ከቆመ ማስነሳቱ ከባድ ነው ብሎ ሐኪሙ አስጠንቅቋል።

የማቀዝቀዣው በር ላይ የተራ ሰንጠረዥ ተለጥፏል። ጠዋት ሚስት፤ ረፋድ፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ አያት፤ ማታ ባል። የሦስት ቀኑ ሳጥኖች በሙሉ ምልክት አለባቸው። የባልየው ምልክት የችኮላ ነው፤ የሚስቲቱ ከሳጥኑ ይወጣል። የቀኑ ምልክቶች ግን በማስመሪያ የተሰመሩ ያህል ቀጥ ያሉ ነበሩ።

«የቀኑን ለአባባ የሰጠነው ሐኪሙ ‹እጁ የረጋ ሰው ይያዘው› ስላለ ነው» አለ ባልየው። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ሲናገርም ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ይመስላል። «አባባ ከጤፍ የማይበልጥ ማርሽ በወረንጦ ሲሰካ የኖረ ሰው ነው። የዚህ ቤት ሰው ሁሉ የሚኮራው በሱ እጅ ነው።»

«ታዲያ ሚስትህን በምን ከሰስካት?»

«የቀኑን ምግብ ጠዋት በጆግ በጥብጣ የምትሄደው እሷ ናት። አቅጥናዋለች። ድንቡሽ ሦስት ቀን ውሃ ነው የጠጣችው። ‹የኔን ጥርስ ያየልኝ የለም፣ ጥንቸል ጥርስ ትታከማለች› ስትልም ሰምቻለሁ።»

«ቀልዳ ይሆናላ።»

«እንዲህ ያለ ቀልድ አለ?»

ሚስቲቱን መኝታ ክፍል አገኘቻት። የሴት ልጇን ሹራብ ከራሷ ልብስ መካከል አውጥታ እያጠፈች ወደ መሳቢያው ትመልስ ነበር።

«በማንኪያ ቆጥሬ ነው የምበጠብጠው፣ እትዬ። ማታ ስመለስ ጆጉ ባዶ ነው፤ ታጥቦ ተደፍቷል።»

«ማን ያጥበዋል?»

«አባባ።»

«ድሮም ዕቃ ያጥባሉ?»

ሚስቲቱ ሹራቡን አስቀመጠች። ተነሥታ ወንፊትን ማድቤት አስከትላ ሻይ ቀዳች። የእንግዳዋን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላችው፤ ለአያትየው የምትወስደውን ግን ግማሽ ላይ አቆመች።

«የሳቸው ለምን ጎደለ?»

«ትኩስ አይወዱም።»

የጎደለ ብርጭቆ የሞላውን ያህል እንደሚያቃጥል ሁለቱም ያውቃሉ። ወንፊት አልገፋችበትም።

ሐኪሙ ጠዋት ሬሳውን መርምሮት ነበር። ስልክ ደወለችለት።

«ጨጓራዋ ባዶ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው» አላት። «አንጀቷ ቆሟል።»

«ምግቡ ቀጥኖ ይሆን?»

«ቢቀጥንማ ውሃ ታገኝ ነበር። እሷ ግን ሰውነቷ ደርቋል። ሌላም አለ፤ በቀኝ በኩል ድዷ ላይ ጭረት አየሁ። እኔ የሞረድኩት የግራውን ነው።»

ወንፊት ወደ በረንዳው ተመልሳ የአበባውን ሳጥን አየች። አፈሩ ላይ አረንጓዴ ቅርፊት ደርቋል። በጥፍሯ ቆርሳ አሸተተችው፤ ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል።

ከሁሉ በኋላ ወደ ሰዓት ሠሪው ክፍል ገባች። ወረንጦዎቹ መስኮቱ ሥር በቁመታቸው ተደርድረዋል፤ አቧራ ለብሰዋል። የእጅ ሰዓቷን ፈታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ይቺ ወደ ኋላ ትቀርብኛለች። ክዳኗን ከፍተው ቢያዩልኝ?»

«አስቀምጪልኝ» አለ፣ ሰዓቷን ሳያይ። «ነገ አያታለሁ።»

አመሻሹ ላይ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ሚስቲቱ ኮቷን ለብሳ በሩ አጠገብ ቆመች። ወንፊት ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ያን ጊዜ የተናገረችው ከወትሮዋ በቀስታ ነበር።

«ምግቡ አልቀጠነም። ቢቀጥን ኖሮ ጥንቸሏ ውሃ ባላጣች ነበር። ጆጉ በየማታው ባዶ ነው፤ ጥንቸሏም ባዶ ናት። ስለዚህ ምግቡ ሌላ ቦታ ሄዷል። የሄደበትን የአበባው ሳጥን ላይ አግኝቼዋለሁ። ጠዋትና ማታ ጆግ አይነካም፤ እዚያው ተበጥብጦ ይሰጣል። ጆጉ የቀን ነው።»

ባልየው ቀና አለ። «የቀኑ እኮ የአባባ ነው።»

«አዎ። ሁላችሁም ለዚህ ነው ያላያችሁት። ድዷ ላይ ጭረት አለ፤ ቢያንስ አንዴ ስሪንጅ ወደ አፏ ቀርቦ ስቶ ወግቷታል። የረጋ እጅ አይስትም። የሰንጠረዡ ምልክቶች በማስመሪያ ተሰምረዋል። ትንሽ ጭረት ለማስመር ማስመሪያ የሚፈልገው ማነው? ዛሬ ደግሞ አንድ ሰዓት ሠሪ ፊቱ ያኖርኩለትን ሰዓት ሳይነካው ቀረ።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሼ፣ የጠሩኝ እርስዎ ነዎት። ጥፋተኛ ሰው መርማሪ አይጠራም፤ በራሱ አፍ መናገር ያቃተው ካልሆነ በቀር።»

ሰዓት ሠሪው ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግራውን ደረበበት፤ ሁለቱም ተንቀጠቀጡ።

«ዓመት ሊሞላው ነው» አለ። «መጀመሪያ ቀን ሞክሬ ነበር። ጫፉ ወጋትና ጮኸች። ጥንቸል ትጮኻለች ብዬ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ መቅረብ አቃተኝ፤ መድኃኒቱንም አብሬ ደፋሁት። ጠዋትና ማታ የምታገኘው ይበቃታል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ምልክቱን ሳደርግ ግን አፍር ነበር። ስትሞትም ልናገር ነበር፤ ልጄ ቀደመኝና በሚስቱ ላይ ጮኸ። ዝም አልኩ። ከጥንቸሏ ይልቅ ያ ዝምታ ነው የገደለኝ።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አለ ባልየው፣ ሚስቱን ሳያይ።

«እጃቸውን አውቅ ነበር። ብርጭቆውን የማጎድለው እንዳይደፋባቸው ነው። የጥንቸሏን የጠረጠርኩት ትናንት ነው፤ ጆጉን አንስቼ ሳስበው።»

«ታዲያ ስሰድብሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ልበል? ‹አባትህ ስኒ መያዝ አቅቷቸዋል› ልበል፣ ልጅ ፊት? አንተ ሳታጣራ ብትናገር እኔም ልድገመው?»

ባልየው ወደ ሚስቱ ዞረ። «ይቅር...» ብሎ ሲጀምር እጇን አነሣች።

«ለኔ አይደለም። የሰማችህ እሷ ናት። ለሷ ንገራት።»

በርከክ ብሎ ከልጁ ጋር ፊት ለፊት ሆነ። አስተማሪው ቃላት ፈለገ፤ ጊዜም ወሰደበት። «እናትሽ አልገደለቻትም። ለድንቡሽ የምትችለውን አድርጋለች። ዋሽቼሻለሁ፤ መዋሸቴን ሳላውቅ ነው፣ ግን ዋሽቼሻለሁ።»

ልጅቷ እናቷን አየች፤ መሄድ ግን አልቻለችም። ለሁለት ቀን ያኮረፈችው ኩርፊያ አሁን እሷንም አሳፈራት። ሚስቲቱ ኮቷን እንደለበሰች መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ልጅቷ እጅጌዋን ያዘች።

ቆይታ ወደ አያቷ ዞረች።

«ለምን አልነገርከኝም? ከትምህርት ቤት ዘጠኝ ሰዓት ነው የምመለሰው። አንተ በፎጣ ትይዛታለህ፣ እኔ አበላት ነበር። እችል ነበር።»

ሰዓት ሠሪው የልጅ ልጁን እጆች ተመለከተ። ትንንሽ ናቸው፤ አይንቀጠቀጡም።

«ትችይ ነበር» አለ። «መጠየቅ ነው ያቃተኝ።»