ያልተላገው በር

«ተይ! ማን ላጊው አለሽ?»

ሸጊቱ ደንግጣ መላጊያውን ከበሩ ግርጌ አነሣች። እትዬ ሙሉመቤት «በሬ አልቆለፍ አለኝ» ብለው ሲያስጠሯት፣ እንደ ሌላው የመካኒሳ በር ሁሉ ክረምቱ ያሳበጠውን እንጨት እንድትልግላቸው መስሏት ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ከሲሚንቶው ደፍ ጋር እየተፋተገ እንደ ፍየል ይጮኻል።

«ጩኸቱ አይሰለችዎትም?»

«ይጩህ። መወርወሪያው ብቻ ይግባልኝ።»

ሴት ስለሆንኩ አበላሻለሁ ብለው ፈርተው ነው፣ አለች በልቧ። ከፋት። አባቷ ለሜሳ አናጢ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤውም ቀረ፤ ቤት የቀረው የመሣሪያ ሳጥኑ ብቻ ነው። ሸጊቱ ገና ዐሥራ አራት ዓመቷ ቢሆንም በዚህ ሳምንት ብቻ አምስት በር ልጋለች፤ አንዱም አልተበላሸም።

መሮውን አወጣች። በሩ ስለዘመመ መወርወሪያው ከመቃኑ ቀዳዳ በጣት ስፋት ዝቅ ብሏል፤ ቀዳዳውን ወደ ታች ማስፋት ጀመረች። ፍርፋሪውን ልትጠርግ ጎንበስ ስትል አልጋው ሥር ሸራ ጫማ አየች። የግራው ማሰሪያ ቀይ ክር ነው። የእትዬ ሙሉመቤት ልጅ የመዝገቡ ጫማ። ጭቃው ገና አልደረቀም።

እትዬ ሙሉመቤት መዝገቡ ሆሳዕና ከተማ አክስቱ ጋ እንደሄደ ነበር ለመንደሩ የነገሩት። አፈሳው ከተጀመረ ወዲህ ለውትድርና የደረሰ ወንድ ልጅ ሁሉ አክስቱ ጋ ነው። ሸጊቱ ቀና ስትል በጓዳው መጋረጃ ሥር ባዶ እግር አየች። በመጋረጃው ጠርዝ የጓሮው መስኮት ወለል ብሎ መከፈቱ ይታያል።

በሩ ለምን መጮኽ እንዳለበት ያኔ ገባት።

«የለሜሳ ልጅ! አሁንማ ጢም ብቻ ነው የቀረሽ!»

የቀበሌው ጥበቃ ጋሽ በንቲ ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ደጁ ላይ ቆመዋል። በሩን በእጃቸው ገፋ አደረጉት፤ ጮኸ። መጋረጃው ሥር የነበረው እግር ጠፋ።

«ይሄንን ለምን አትልጊውም? እኛ ቢሮ ድረስ ይሰማል እኮ!»

እትዬ ሙሉመቤት ጫማው እንዳይታይ አልጋው ፊት ቆሙ።

«አይሆንም ጋሽ በንቲ» አለች ሸጊቱ። «እንጨቱ አብጧል። አሁን ከተላገ በበጋ ይኮማተርና ክፍተት ያመጣል።»

«የኔን ትናንት ላግሽው አይደል እንዴ?»

«የእርስዎ ዋንዛ ነው። ይሄ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ አይታመንም።»

ጋሽ በንቲ ትክ ብለው አዩዋት። «እንግዲያው ነገ መላጊያውን ታውሺኛለሽ። እኔው እልገዋለሁ» አሉና ሄዱ።

እትዬ ሙሉመቤት ጫማውን በእግራቸው ወደ ውስጥ ገፉት። ሸጊቱም ያላየች መስላ መወርወሪያውን ሞከረችው፤ ገባ።

ቤቷ ስትደርስ መላጊያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሰፈሩ ውስጥ ከእሱ ሌላ መላጊያ የለም። አጥብቆ የያዘውን ሽብልቅ መታ መታ አድርጋ ምላጩን አወጣችው። አባቷ በየእሑዱ ሲስለው አልቆ ግማሽ ሆኗል። መደቡ ሥር ልትደብቀው አሰበች፤ ግን ጋሽ በንቲ ሊፈትሹ ከተነሡ የማይገለብጡት ነገር የለም። መዳፏ ውስጥ እስኪሞቅ ድረስ ይዛው ቆየች። ከዚያ በዝናቡ ወጥታ መጸዳጃው ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው።

በማግስቱ ጋሽ በንቲ መጡ። ሸጊቱ መሐሉ ባዶ የሆነውን የመላጊያ እንጨት ሰጠቻቸው።

«ምላጩ ጠፋ» አለች።

በዚያ ክረምት ሌላ በር አልላገችም።