የአራት ደቂቃ ጨለማ

በኬላ ከተማ ወንበር ሰላይ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ኬላ ከምድር በላይ የምትንሳፈፍ ገለልተኛ ከተማ ናት። ከታች የሚዋጉት ምሥራቅና ምዕራብ ልቧን ለመማረክ፣ ምሥራቅ ሰኞ ምዕራብ ሐሙስ፣ በነጻ ፊልም ያሳዩአታል። «ልበ-ለኪ» የሚባሉት የአዳራሹ ወንበሮች የተቀመጠባቸውን ሰው የልብ ምት አንብበው ፍቅሩን በመቶኛ ለኤምባሲዎቹ ያቀብላሉ። ከተማዋም ገለልተኛነቷ እንዲታይላት ባለ ቀይ ባጁን የምሥራቅ ወገን ከባለ ሰማያዊው የምዕራብ ወገን ጎን ታስቀምጣለች። ጎረቤታሞቹ አይተያዩም።

የአዳራሹን ማሽኖች የሚጠግነው ሙሉሰው የምሥራቅ ተወላጅ ነበር። አንድ ሰኞ የፊልሙ ጀግና ታንክ ላይ ቆሞ ስለ ስንዴ ሲዘምር መብራቱ ድርግም አለ። ሙሉሰው ክው አለ። በማንኛውም ትርኢት ላይ ብልሽት ከተፈጠረ የመኖሪያ ፈቃዱን ይነጠቃል፤ ከዚያ ወደ ጦር ግንባር ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱን ሲዳብስ ከአዳራሹ ወሬ ሰማ።

«ቆሎ ይዘሻል እንዴ?»

«ለቀይ ባጅ አልሰጥም።»

«በዚህ ጨለማ ምኑን ለየሽው? እጄ ይኸው፣ ባዶ ነው።»

ሳቅ ተነሣ። አንዱ ልጁን ትኩሳት እንደያዘው ሲያወራ የማይታይ ሰው መድኃኒት ነገረው። በአራተኛው ደቂቃ መብራቱ መጣ፤ ሁሉም አንገቱን ወደ ፊት መለሰ።

በማግስቱ ሙሉሰው ሻንጣውን ሸክፎ ሲጠብቅ የምሥራቅ የባህል አታሼ ሜዳሊያውን እያንቃጨለ መጣ።

«ስንዴው ላይ አሥራ አንድ ከመቶ ነበርን» አለ። «ቀጥሎ ዘጠና ስምንት። ምን አሳየሃቸው?»

«ምንም፣ ክቡርነትዎ። ጨለማ ነበር።»

አታሼው አሰበ፤ ስላልለመደበት አላበው።

«የእኛ ጨለማ ነዋ። የዛሬ ሳምንት አሥር ደቂቃ አድርገው።»

ምዕራብም ይህን ሲሰማ «ጥንታዊው ጨለማ የእኛ ነው» ብሎ ሃያ ደቂቃ አሳየ። ምሥራቅ ሠላሳ አደረሰው። በሦስት ወር ውስጥ ፊልም የሚባል ቀረ፤ ሁለቱ ኃያላን ምንም ባለማሳየት ተፎካከሩ። አዳራሹ ሞልቶ ፈሰሰ።

አንድ ሐሙስ ሙሉሰው የመብራቱን ሪሞት ይዞ ከሕዝቡ መሐል ተቀመጠ። ከጎኑ የአሮጊት ድምፅ ሰማ።

«ልጄ ግንባር ላይ ቀረብኝ። ድምፅህ እሱን ይመስላል።»

«እግዜር ያጽናዎት፣ እማማ።»

እጁን ፈልጋ ያዘችው። መብራቱ የሚበራበት ሰዓት ደረሰ። አንድ ደቂቃ ቢያሳልፍ ብልሽት ተብሎ ይመዘገብበታል። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ዋለለ፤ ጦር ግንባሩ ትዝ አለው፤ ተጫነው።

በራ። ሰማያዊ ባጇን አየ፤ እሷም ቀዩን አየች። እጇን ስባ በቀሚሷ ጠረገችው።

ወንበሩ ገና ከጨለማው የለቀመውን የልብ ምት እያሰላ ነበር። ለምዕራብ ኤምባሲ ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ ብሎ አስተላለፈ።