ንቦች ትርንጎ ላይ ያረፉ ዕለት

ጆሯችሁን አቁሙ፣ ልጆች! ይህ የንብ ነገር ነው፤ ንብ ደግሞ ቀልድ አታውቅም።

ትርንጎ ስድስት ዓመቷ ነው። ማር ትወዳለች፣ ዛፍ መውጣት ትወዳለች፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን አይሆንላትም።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ጋሼ ይርሳው አንድ አሮጌ ቀፎ ተሸክመው መጡ። ጋሼ ይርሳው ከልጅነታቸው ጀምሮ ከንብ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው።

«አስናቁ፣ ይኸውልሽ» አሏት የትርንጎን እናት። «ጓሮሽ ዘይቱን ዛፍ ላይ ስቀዪው። ንቦቹ ራሳቸው ይመጣሉ።»

የትርንጎ እናት ንብ ይዛ አታውቅም። ንጽሕና ግን፣ ኧረ ንጽሕና ታውቃለች!

ቀፎው ጥቁር ብሏል። ጭስ ጭስ፣ ሰም ሰም ይሸታል።

«ኤዲያ! እዚህ ቆሻሻ ውስጥ ማን ይገባል?» አለችና በሳሙና ፈተገችው። ፈተግ! ፈተግ! ፈተግ!

አጥባ፣ አድርቃ፣ ዘይቱኑ ላይ ሰቀለችው። ትርንጎም ንቦቹን መጠበቅ ጀመረች።

ሰኞ ጠየቀች። «እማዬ፣ መጡ?»

«አልመጡም።»

ማክሰኞም ጠየቀች። «እማዬ፣ መጡ?»

«አልመጡም።»

ረቡዕ አንዲት ንብ መጣች! የቀፎውን አፍ አሸተተች። ከዚያ ዝዝዝ... ብላ ዞር አለችና ሄደች።

ትርንጎ አለቀሰች። እናቷ ጋሼ ይርሳውን ጠራቻቸው።

ጋሼ ይርሳው ቀፎውን አሸተቱና ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሳሙና! አንቺ ሴት፣ ንቧ ልብስ ልታጥብ ነው እንዴ የምትመጣው? የሚጠራቸው እኮ የሰሙ ሽታ ነበር!»

እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አፈረች።

ጋሼ ይርሳው ቀፎውን አወረዱና እንደገና በጭስ አጠኑት። ውስጡን ሰም ቀቡት፤ በጠጅ ሳርም አሹት። ጠጅ ሳሩን እየቆረጠች ያቀበለቻቸው ትርንጎ ናት።

«እንግዲህ ማንም አጠገቡ እንዳይደርስ» አሉ ሲሰቅሉት። «ማንም!» ብለው ትርንጎን አዩ።

ትርንጎ ግን ልቧ አላረፈም። የሳሙናው ሽታ ለቆ ይሆን? ባይለቅስ? ንቦቹ ጭራሽ ባይመጡስ?

ቅዳሜ እናቷ ጓዳ ገባች። ትርንጎ ቀስ ብላ ዘይቱኑ ላይ ወጣች። አትድረሺ መባሏን አልረሳችም፤ ግን አንዴ አሽትታ ልትወርድ ነው።

አፍንጫዋን ወደ ቀፎው አስጠጋች። ሳብ አድርጋ አሸተተች። ሳሙና የለም! ጠጅ ሳር ብቻ!

ያኔ ከሩቅ አንድ ድምፅ መጣ። ዝዝዝዝዝ...

ሰማዩ ላይ አንድ ጥቁር ነገር እየተሽከረከረ መጣ። ትርንጎ ደመና መሰላት። ደመና ግን እንዲህ አይጮኽም።

«ንብ! የንብ መንጋ!» አለ ሰፈሩ በሙሉ። ሁሉም ከቤቱ ወጣ።

በእነ ትርንጎ ሰፈር የንብ መንጋ ሲያልፍ ዝም አይባልም። እንዲያርፍ ያገኙትን ይመቱለታል፤ ውኃ ይረጩለታል፤ አፈር ይበትኑለታል።

ኳ! ኳ! ኳ! ጀሪካን ተመታ። ቃ! ቃ! ቃ! ድስት ተመታ።

ከሁሉ አብልጣ የምትመታው ደግሞ የትርንጎ እናት ናት። «ውረዱ! ውረዱ! እኔ ጓሮ ውረዱ!» ትላለች። ልጇ ዛፉ ላይ መሆኗን መቼ አወቀች!

መንጋው ዞረ። ዝቅ አለ። እንደገና ዞረ። ከዚያ ዘይቱኑ ላይ አረፈ፤ ትርንጎ የተቀመጠችበት ቅርንጫፍ ላይ!

ቅርንጫፉ በንብ ሞላ። ከዚያ እግሯ ሞላ። ከዚያ ጉልበቷ ሞላ።

«እ... ማ... ዬ...» አለች ትርንጎ በቀጭን ድምፅ።

እናቷ ቀና አለች። ድስቱ ከእጇ ወደቀ። ኳንኳላላ!

ወደ ዛፉ ልትሮጥ ስትል ጋሼ ይርሳው ክንዷን ያዙ። «ቁሚ! ሁላችሁም ዝም!»

ጀሪካኑ ዝም አለ። ድስቱ ዝም አለ። ሰፈሩ ዝም አለ። የሚሰማው ንቡ ብቻ ሆነ። ዝዝዝዝዝ...

«ትርንጎዬ፣ ስሚኝ» አሉ ጋሼ ይርሳው ለስለስ ባለ ድምፅ። «እነዚህ ቤት ፈላጊዎች ናቸው፤ ካላስቆጣሻቸው አይነኩሽም። አትጩኺ። አትወራጪ። ቀስ... ቀስ... ብለሽ ተንፍሺ።»

ዝም ብሎ መቀመጥ ለማይሆንላት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይታዘዛል? ግን ምን ምርጫ አላት?

እግሯን በላት። አላከከችውም። ቀስ... ቀስ...

አንዲት ንብ አፍንጫዋ ላይ ወጣች። አላባረረቻትም። ቀስ... ቀስ...

ልቧ ግን ድው! ድው! ድው! ይላል። ትርንጎ በጣም፣ በጣም ፈርታ ነበር።

ድንገት ጉልበቷ ላይ አንዲት ለየት ያለች ንብ አየች። ሆዷ ረጅም ነው፣ ክንፏ አጭር ነው። ሌሎቹ ሁሉ ከበው ይነካኳታል።

«ጋሼ» አለች ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች። «አንዲት ረጅም ንብ ጉልበቴ ላይ ናት።»

«አውራዋ ናት!» አሉ ጋሼ ይርሳው። «የሁሉም እናት። እሷ ቀፎው ከገባች ሁሉም ይገባሉ። እኔ ከወጣሁ ዛፉ ይነቃነቃል፤ አንቺ ግን ቀፎው አጠገብ ነሽ። በቅጠል ልታስገቢያት ትችያለሽ?»

ትርንጎ እናቷን አየች። እናቷ እሺ በሚል አንገቷን ነቀነቀችላት።

«እሞክራለሁ» አለች ትርንጎ።

አንድ የዘይቱን ቅጠል ቀነጠበች። ቀጭ! ቅርንጫፉ ተነቃነቀ።

ዝዝዝዝዝዝዝ! ንቦቹ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እናቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቀስ... ቀስ...» አሉ ጋሼ ይርሳው።

ትርንጎ ቅጠሉን አውራዋ ፊት አደረገች። አውራዋ ዞር አለች።

እንደገና ፊቷ አደረገች። አውራዋ ወደ ቀሚሷ ጫፍ ሄደች። «ኧረ በዚህ ነይ» አለች ትርንጎ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ።

እንደገና ፊቷ አደረገች። አውራዋ አንድ እግሯን ቅጠሉ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሦስተኛውን። ወጣች!

ትርንጎ ቅጠሉን ወደ ቀፎው አፍ ወሰደች። ቀስ... ቀስ...

አውራዋ ቀፎው አፍ ላይ ቆመች። አሸተተች። አሁንም ቆመች። ሰፈሩ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ።

ከዚያ ገባች።

ሌሎቹም ተከተሏት። ከጉልበቷ፣ ከእግሯ፣ ከቅርንጫፉ እየተነሡ ከጆንያ እንደሚፈስ ጤፍ ወደ ቀፎው ፈሰሱ።

ትርንጎ ቀስ ብላ ወረደች። እግሯ መሬት ሲነካ እጅጌዋ ውስጥ የቀረች አንዲት ንብ ክንዷን ነደፈቻት። ጥዝ!

ያኔ ትርንጎ ለቀቀችው! ዛፉ ላይ የዋጠችውን ለቅሶ ሁሉ አንድ ላይ አለቀሰችው።

እናቷ መናደፊያውን በጥፍሯ ጫር አድርጋ አወጣችላት። ተቆጣቻት። ሳመቻት። እንደገና ተቆጣቻት፤ እንደገና ሳመቻት።

ማታ ትርንጎ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። እናቷ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ዛፉ ላይ ሆኜ ሳይሽ ከንፈርሽ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን ትዪ ነበር?»

«ንቦቹን ስለምናቸው ነበር» አለች እናቷ። «‹ቀፎውንም ውሰዱት፣ ዛፉንም ውሰዱት፤ ልጄን ብቻ ተዉልኝ› እያልኩ።»

ትርንጎ ትንሽ አሰበች።

«ሰምተውሻል እኮ» አለች። «ቀፎውንም ወሰዱት፣ ዛፉንም ወሰዱት። እኔን ተዉልሽ።»

እናቷ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ድረስ ሳበችላትና እቅፍ አደረገቻት።

ትርንጎ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እናቷ ግን ቶሎ አልተነሣችም።