በኪሱ የተገኘው ፊውዝ

ደምሌ በእናቱ ቤት ግድግዳ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር፤ ፒንሳው ከእጁ አልወጣም። የወገዳ ከተማ ግን ሬሳው ሳይነሳ ፈርዳ ጨርሳለች፤ ሁለት ቀን ጠፍቶ የከረመው መብራት ድንገት መጥቶ፣ ቴክኒሽያን ነኝ ባዩን ሳይጠነቀቅ ያዘው ተባለ።

ዋና ሳጅን ዘርፌ ወሬ በቶሎ የሚዋጥላት ሰው አልነበረችም። የሟቹ እናት እማማ ብርነሽ እግሯ ላይ ወደቁ።

«ሙያውን አያውቅም መባሉን አልችለውም! ማን እንደገደለብኝ ንገሪኝ፣ ልጄ!»

ዘርፌ የሟቹን ኪስ ስትፈትሽ ከቆጣሪው የተነቀለውን ፊውዝ አገኘች።

መጀመሪያ የጠየቀችው የሻረግን ነበር። የሻረግ ከደምሌ ጋር ኤሌክትሮኒክስ ተምራ፣ አብራው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስትጠግን ኖራለች። በንፋስ መውጫ ከተማ ለሆስፒታል መሣሪያ ጥገና አንድ ቴክኒሽያን ሲፈለግ ሁለቱም ተፈተኑ፤ እሱ አለፈ። ሰኞ ሥራ ሊጀምር ነበር።

«ቀንተሽበት ነበር?»

«አዎ፣ ቀንቻለሁ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ግን ይበልጠኝ ነበር። መብራት ጠፍቶ እንኳ ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ሳይከት ሽቦ አይነካም። ዛሬም ሳልሄድ የእናቴን ቤት ሽቦ ላድስ ብሎ ነው።»

ጎረቤቱ ምንይችል ጄኔሬተር አለው።

«ዛሬ አስነስተኸዋል?»

«ኧረ የለም፣ ነዳጅም የለኝ!»

ዘርፌ እጇን ሞተሩ ላይ አሳረፈች። ገና ትኩስ ነበር። ተመልሳ የጓዳውን መስኮት ስታይ፣ ደፉ ላይ ያለው አቧራ በቀጭኑ ተጠርጓል።

ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ፊውዙ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ የከተማው መብራት ቢመጣም እዚህ ቤት አይገባም። ኮረንቲው በሌላ በኩል ነው የገባው። በጓዳው መስኮት ገመድ አልፏል። መብራት በጠፋ ቁጥር እዚህ ሰፈር ሁለቱም ጫፉ የሚሰካ ገመድ ትዋዋሳላችሁ፤ አንዱን ጫፍ ከጎረቤት ጄኔሬተር፣ ሌላውን ከራሳችሁ ግድግዳ። ያኔ የቤቱ ሽቦ ሁሉ ኮረንቲ ይይዛል። ደምሌ ከግድግዳው ወዲህ ሆኖ ጓዳ ውስጥ ሲሰካ አላየም።»

«እኔ ነኝ የሰካሁት!» አለ ምንይችል። «ጩኸቱን ሰምቼ ገመዱን የደበቅሁትም እኔ ነኝ። እሰሪኝ!»

ዘርፌ ጓዳ ውስጥ ማን እንደነበረ ገብቷት ነበር። በሥራ ዘመኗ ተሳስቼ በሆነ ብላ የተመኘችው ያን ቀን ብቻ ነው። የምንይችልን ክንድ ያዘች።

«አይ ምንይችል» አሉ እማማ ብርነሽ ቀስ ብለው። «አንተ ሞተሩን አስነሳህልኝ እንጂ የሰካሁትስ እኔ ነኝ። ልጄ በጨለማ እንዳይሠራ ብዬ። አምፖሉ ሳይበራ ሲቀር እምቢ አለ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።»

«ሽቦውን ሊያድስ አምፖሉን አውርዶት ነበር፣ እማማ» አለች የሻረግ።

አሮጊቷ ወደ ዘርፌ ዞሩ።

«እንግዲያ ልጄ አልተሳሳተም?»

«አልተሳሳተም፣ እማማ። ማድረግ ያለበትን ሁሉ አድርጎ ነበር።»

«ሰማችሁ?» አሉ ለተሰበሰበው ሰው። «ልጄ ሙያውን ያውቃል።»

ከዚያ ገመዱን የሰኩበትን ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው አዩት፤ አሁን ገና ማልቀስ ጀመሩ።