ሚልራ ገደልን የዘለለው ሰው

ቆርቆሮው ሣጥን ባዶ ነበር። ቁልፉ ግን አልተሰበረም።

ፖሊሷ ኮንስታብል ኖሪን ፓስኮ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። አቼቶ አቼቶ ይላል። ያረጀ ፊልም ሽታው እንደዚያ ነው።

የጠፋው የፊልም ጥቅል ከአዴሌድ ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት እዚሁ ሚልራ ገደል ላይ ተቀርጾ፣ ለሲኒማ ሳይቆራረጥና ሳይቀናበር የቀረው ጥሬ ቀረጻ ነው። ፊልሙን ያነሣው ሰው ሲሞት ሚስቱ ለዚህች ከተማ ሙዚየም ላከችው። ቅዳሜ ሕዝብ ሊያየው ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው።

"መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?"

"ማክሰኞ" አለች የሙዚየሙ ኃላፊ ሞሪን ሃድሪክ። "ምን ትጠይቂኛለሽ? አሮጊቷ ዱልሲ 'ፊልሙ አይታይም' ስትል ሰንብታለች። ያ የሜልቦርኑ የድሮ ፊልም ሰብሳቢም ካልሸጣችሁልኝ ብሎ ደጅ ሲጠናኝ ነው የሰነበተው።"

ከሞሪን ጀርባ የአባቷ ፎቶ ተሰቅሏል። ክሌም ሃድሪክ፤ በዚያ ፊልም ውስጥ ገደሉን በፈረስ የዘለለው ጀግና። መጠጥ ቤቱም፣ ሙዚየሙም የሚጠሩት በእሱ ስም ነው።

ሰብሳቢው ሰኞ ዕለት ወደ ሜልቦርን በርሯል። ከደሙ ንጹሕ ነው።

ዱልሲ ማርስደን በረንዳዋ ላይ ሆና ጠበቀቻት። ከአድኒያማታና፣ ከአገሬው ነባር ጥቁር ሕዝብ፣ ሽማግሌዎች አንዷ ናት፤ አገሩ የአባቶቿ ነው።

"መጣሽ? ከተማው ፈርዶብኛል፤ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ።"

"ፊልሙ አይታይ ብለዋል አሉ፣ እትዬ ዱልሲ።"

"መጀመሪያ ቤተሰብ ይየው ነው ያልኩት! ሙታን አሉበት። ወንድሜ አርኪ አለበት። የሰውን ሙት ሳይጠይቁ አደባባይ ያወጣሉ እንዴ?"

"አርኪ ምን ይሠሩ ነበር?"

"የክሌምን ፈረስ የገራው እሱ ነው።" አለችና ኖሪንን ትክ ብላ አየቻት።

ያ አስተያየት ኖሪንን እረፍት ነሣት። ከሰዓት በኋላ ስለ ፈረሱ ክሌምን ልትጠይቅ ሃድሪኮች ቤት ሄደች። ሽማግሌው ክሌም ሻይ ቀዳላት። ኖሪን ግን ሻዩን ትታ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች።

"ጋሼ፣ ቤቱ አቼቶ አቼቶ ይላል።"

"ጠርሙስ ተሰብሮብኝ ነው" አለች ሞሪን ከኩሽና ብቅ ብላ።

ኩሽናው ግን አይሸትም። ሽታው ከኮሪደሩ ቁምሳጥን ነው።

"ክፈቺው።"

"ኖሪን፣ አብረን ነው ያደግነው።"

"ለዚህ ነው ራስሽ ክፈቺው የምልሽ።"

ጥቅሉ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ሞሪን ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

"ማክሰኞ ብቻዬን አየሁት። የዘለለው አባዬ አይደለም።"

ክሌም ዞሮ ልጁን አያት። መስረቋን ያወቀው ገና አሁን ነው።

"ፈረሱ ገደሉን ሲያይ ቆመ" አለ። "እኔም ፈርቼ ከፈረሱ ወረድኩ። አርኪ ባርኔጣዬን ደፍቶ ዘለለ። የፊልሙ ሰዎች የጥቁር ስም አንጽፍም ብለው የእኔን ጻፉ። ነገ እናገራለሁ አልኩት። ነገ፣ ነገ ስል ቀበርኩት።"

"አባዬ በስተርጅና መሳቂያ እንዳይሆን ብዬ ነው" አለች ሞሪን።

"እትዬ ዱልሲስ ሌባ ይባሉ?" አለች ኖሪን።

ሞሪን ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ሰጠች፤ የሙዚየሙንም ቁልፍ አስረከበች።

ዓርብ ዕለት የዱልሲ ቤተሰብ በር ዘግቶ ፊልሙን አየ። ሲወጡ ክሌም ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደጅ ቆሟል።

"ዱልሲ፣ ነገ ሕዝብ ፊት የአርኪን ስም ልጥራ?"

"ይቅር አልልህም፤ እሱን አትጠብቅ" አለችው። "ስሙን ግን ጥራው። ጮክ ብለህ።"

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ክሌም ወንበር ተደግፎ ተነሣ።

"የምታዩት ሰው እኔ አይደለሁም። አርኪ ማርስደን ነው።"

ከኋላ የተቀመጡት አልሰማንም አሉ። ደገመላቸው።